ከሸማኔ ጉድጓድ እስከ ጅዳ ድንኳን፦ ንድፍ፣ እጅና ኮምፒውተር የተገናኙበት ሙያ



መምህር ሳለሁ በየዓመቱ የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጣ ተማሪ ቤት መንደፍ ይወዳል፤ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ይገጥማል፤ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠም አይነሣም። ቤተሰቡ ግን «አንዱን ያዝ፤ ሁሉን የነካካ ምንም አይጨብጥም» ይለዋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ሙያ ዛሬ አለ።

የዚህ ሙያ ሰው ዲዛይነር ይባላል። ሕንፃ ይነድፋል፤ የነደፈውን ክፍል በእንጨት፣ በብረት ወይም በጨርቅ ሠርቶ ይፈትናል፤ ለስሌቱም ሶፍትዌር ይጽፋል። ለምሳሌ ጥልፍልፍ ጌጥ ያለውን የመስጂድ መስኮት እናስብ። አናጺ እያንዳንዱን ቁራጭ እንጨት ለየብቻ ይለካል። ዲዛይነሩ ግን የጌጡን ሕግ አንድ ጊዜ ለኮምፒውተሩ ይጽፋል፤ መስኮቱ አንድ ስንዝር ቢሰፋ የሁሉም ቁራጭ ልክ አብሮ ይስተካከላል። ከዚያ ልኩ በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ይሄዳል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድሩን ቆጥሮ፣ የትኛው ክር እንደሚነሣ፣ የትኛው እንደሚቀር ያውቃል። ያ ቆጠራ ትእዛዝ ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 አካባቢ ይህንኑ ትእዛዝ በተበሱ ካርዶች ላይ አስፍሮ የሽመና መሣሪያውን በካርዶቹ እንዲመራ አደረገ። የተበሳ ካርድ ኋላ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መስጫ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

በጎጃም የሽመና ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በዘውዱ ዘመን ብዙ ሙስሊሞች ርስት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ኖረዋል። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ የእጅ ሙያ እንጀራ ቢሰጥም ክብር አልሰጠም። «ሸማኔ» እና «ቀጥቃጭ» መስደቢያ ሆነው የሰሙ ልጆች የአባታቸውን ሙያ ሸሹት።

የዚህ ሙያ ክብር የት ሊደርስ እንደሚችል የፈዝሉር ረሕማን ኻን ሕይወት ያሳያል። ኻን እ.ኤ.አ. በ1929 በዳካ የተወለደ ሙስሊም መሐንዲስ ነው። በአሜሪካ ተምሮ ቺካጎ በሚገኝ የአርክቴክቶችና የመሐንዲሶች ድርጅት ሠራ፤ ኮምፒውተርን ለሕንፃ ስሌት ካዋሉ ቀዳሚዎች አንዱም ሆነ። 110 ፎቅና 442 ሜትር ከፍታ ያለውን የሲርስ ማማ እንደ ታሰሩ ዘጠኝ ሸምበቆዎች አድርጎ አቆመው። ሕንፃው ከሃያ ዓመት በላይ የዓለም ረጅሙ ነበር።

የእኛ ሑጃጆች በቅርብ የሚያውቁት ሥራው ግን የጅዳው የሐጅ ተርሚናል ነው። ኻን ከአርክቴክቱ ጎርደን ባንሻፍት ጋር የሠራው ይህ ተርሚናል ጣሪያው 210 የጨርቅ ድንኳኖች ነው። ጨርቁ ከብርጭቆ ክር የተሠራ ነው። ሙቅ አየር በድንኳኖቹ አናት በኩል ይወጣል፤ ከታች ሐጃጁ በጥላ ያርፋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1983 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ። ኻን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1982 እዚያው ጅዳ ሞቷል፤ አላህ ይዘንለት።

በአገራችንም በሩ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕንፃ ትምህርት ቤት ዛሬ ልደታ የሚገኘው የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት ነው። አይስአዲስ የተባለው የቴክኖሎጂ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሶፍትዌር ወጣቶች መሰባሰቢያ ከሕንፃ ትምህርት ቤት ተወለደ ማለት ነው። ለእኛ ቅርብ በሆነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ።

የወላጆች ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ኻን ሁሉን የነካካ ሰው አልነበረም፤ ሥሩ የሕንፃ ምሕንድስና ነበር፤ ሌላው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሒሳብንና ጂኦሜትሪን ሥር ያድርግ። ክረምቱን ከአናጺ ወይም ከብየዳ ቤት ይዋል፤ እጁ ቁሱን ይወቅ። ኮምፒውተር ካገኘ ፓይተንንና ብሌንደርን ያለ ክፍያ መማር ይችላል።

በሱረቱ ሰበእ አላህ ለነቢዩ ዳውድ ዐለይሂ ሰላም ብረትን እንዳለዘበለት፣ ጥሩር ሲሠራም ቀለበቶቹን እንዲመጥን እንዳዘዘው እናነባለን። በቡኻሪ ዘገባም ነቢያችን ﷺ ዳውድ ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ነግረውናል። ነቢይ ብረት ቀጥቅጦ ከበላ «ቀጥቃጭ» ስድብ ሊሆን አይችልም። ልጃችሁ ጠመኔና መዶሻ ይዞ ብታዩት አትከልክሉት፤ ልክ አስተምሩት።

ወላሁ አዕለም።