የጥብቅና ክፍያ ኦዲት ከውሉ ይጀምራል



አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመተማ ዮሐንስ ስለተያዘ የሰሊጥ ጭነት ክርክር ገጥሞት፣ ከአዲስ አበባ የጥብቅና ድርጅት ቀጠረ እንበል። ድርጅቱ ያቀረበው የክፍያ መጠየቂያ «ለሕግ አገልግሎት» ከሚል ሐረግና ከጠቅላላ ድምር በቀር የያዘው የለም። ኦዲተሩ ምኑን ይመርምር? ጠበቃው በአንድ ጉዞ የሁለት ደንበኞችን ጉዳይ ፈጽሞ ከሁለቱም ሙሉ የጉዞ ወጪ ቢቀበል እንኳ ከሰነዱ አይታይም።

በአገራችን ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ስለሆነ ጥያቄው ለእኛ ገና አዲስ ነው፤ መልሱ ግን የቆየ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ረቺው ወገን ወጪውን ከተረቺው ሲጠይቅ ዝርዝር እንዲያቀርብ ያዛል። ከተሸናፊ ተከራካሪ ለሚጠየቅ ገንዘብ ዝርዝር ካስፈለገ፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ለሚወጣው ይበልጥ ያስፈልጋል።

የደንበኛ ምስጢር ይጣሳል የሚለውን ሥጋት አቅልዬ አላየውም። ሆኖም ኦዲተሩ የሚሻው የተሰጠውን ምክር ይዘት አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሰዓት፣ በየትኛው የውል አንቀጽ እንደሠራ ነው። ይህ ግዴታ አስቀድሞ በውሉ ካልተጻፈ፣ የክዋኔ ኦዲት ጉድለቱን ይነግረናል እንጂ የወጣውን ገንዘብ አይመልስም።