የአረጋውያን አጫሾች ሳል በመንዝ ደጋ፦ የምርመራ ቅደም ተከተል

ለዓመታት ትምባሆ ያጨሱ አረጋዊ ሲያስሉ፣ ሳሉን በትምባሆው ማሳበብ ይቀላል። ትምባሆ ግን ለሳንባ ነቀርሳም ስለሚያጋልጥ፣ ይህ ግምት ሌላውን ሕመም ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በቅድሚያ የአክታ ምርመራ ያሻዋል። የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ የነቀርሳን ጥርጣሬ ያጠናክራሉ፤ ደም የቀላቀለ አክታ ደግሞ የሳንባ ካንሰርንም ያሳስባል።

ነቀርሳ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቀስ በቀስ እየባሰ የመጣ የትንፋሽ ማጠር ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበትን ያመለክታል። ማረጋገጫው ስፓይሮሜትር ነው፤ ቧንቧውን የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ በኃይል የሚወጣው አየር፣ በአንድ ትንፋሽ ከሚወጣው ጠቅላላ አየር ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ጥበቱ አለ ማለት ነው። የማገዶ እንጨት በሚያጥርበት በመንዝ የኩበት ጭስም ይህንኑ በሽታ ስለሚያስከትል፣ ጥያቄው ከሲጋራው አልፎ እስከ ምድጃው መድረስ አለበት።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ብቻውን አያስተማምንም። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በመሐል ሜዳ ዙሪያ፣ የአየሩ መሳሳት የጤነኛውንም ሰው ኦክስጅን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በአንጻሩ መሣሪያው የጭሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ የአጫሹን ጉድለት ይሸፍናል።