ለሥራ ወደ ተራራማው ምዕራብ፤ ከደመወዙ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለእንጀራ ሲባል መንደር መለወጥ ለዛሬ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሲነሣ የሚዛወረው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። የልጆች ትምህርት፣ የእናት ጤና፣ የባልና የሚስት ሥራ፣ የጎረቤትና የዘመድ ወግ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ስለሆነም ጉዳዩ በደመወዝ ልክ ብቻ የሚቆረጥ አይሆንም።

በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ውስጥ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአጎራባችዋ በአውሮራ የሚገኙት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ በተራራው ውስጥ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ሥራ ለመያዝ ለሚያስብ ቤተሰብ፣ እንዲሁም ልጁ ወይም እኅቱ በስልክ ምክር ለምትጠይቀው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ቦታ ሲመረጥ ምን ምን መታየት እንዳለበት በዛሬው ዓምዳችን እንመለከታለን።

ተራራማው ምዕራብ የሚባለው ሞንታናን፣ አይዳሆን፣ ዋዮሚንግን፣ ኮሎራዶን፣ ዩታን፣ ኔቫዳን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ያጠቃልላል። አገሩ ሰፊ፣ ሕዝቡ ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ ዋዮሚንግ 253 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖራት በ2020 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር 577 ሺህ አልሞላም። ይህም ማለት ሐኪም፣ ገበያና ትምህርት ቤት እርስ በርስ ተራርቀው ይገኛሉ ማለት ነው።

ከተማዋ በምን ትተዳደራለች?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በምዕራብ ኮሎራዶ፣ በፓራሹት አካባቢ፣ ዘይት ካዘለ ድንጋይ ነዳጅ ለማውጣት ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆን አዲስ ከተማ ጭምር መሠራት ተጀመረ። ዳሩ ግን በሜይ 2 ቀን 1982 ኤክሶን የተባለው ኩባንያ ሥራውን በድንገት ማቆሙን አስታወቀ። ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኑ። የአካባቢው ሰው ያን ቀን እስከ ዛሬ «ጥቁር እሑድ» ይለዋል። በዋዮሚንግም የዩራኒየም ማዕድን ያቆማት ጄፍሪ ሲቲ፣ በ1980 ገደማ ከ4 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የነበሯት ስትሆን፣ የማዕድኑ ዋጋ ሲወድቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ ለመሆን ተቃርባለች። በቅርቡም በሞንታና፣ በኮልስትሪፕ ከተማ በድንጋይ ከሰል ከሚሠሩት አራት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ክፍሎች ሁለቱ በ2020 መጀመሪያ ተዘግተዋል።

በመሆኑም ከማዕድኑ ሌላ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላት ከተማ ትመረጣለች። በአንድ ማዕድን ብቻ በምትተዳደር ከተማ ደመወዙ ቢያጓጓም ቤት ለመግዛት መቸኮል አይገባም። ሥራ ሲጠፋ ቤት ገዥም አብሮ ይጠፋልና።

የቤት ኪራይና መንገድ

የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች፣ ማለትም አስፐን፣ ቬይልና የዋዮሚንጓ ጃክሰን፣ ሆቴሎቻቸው ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ቤቱን ሀብታም ስለሚሻማበት አልጋ አንጣፊውና ወጥ ቤቱ እዚያው መኖር ያቅተዋል። በጃክሰን የሚሠሩ ብዙዎች የሚያድሩት ከተራራው ማዶ በአይዳሆ ግዛት ሲሆን፣ 2,570 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የቲተን በር በየቀኑ ይመላለሳሉ። በጁን 2024 የዚህ መንገድ አንድ ክፍል ተንዶ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ሠራተኛው በዙሪያ ጥምጥም ከእጥፍ በላይ መንገድ ለመጓዝ ተገድዷል። እናት ከሥራ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሚገናኙ የሚያስጨንቀው እንዲህ ያለው ቀን ነው።

ከዚህም ሌላ የበረዶው ሥራ በአብዛኛው ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የሚቆይ ነው። ስለዚህ ቀጣሪውን «ማደሪያ ትሰጣላችሁ? ለቤተሰብ ነው ወይስ ለብቸኛ ሰው? ወቅቱ ሲያልፍ ሥራውና ማደሪያውስ ምን ይሆናሉ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ማደሪያ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ሥራ የለቀቀች እናት ቤትም ለቀቀች ማለት ነው። የአውቶቡስ አገልግሎት ያለበት ቦታም ይፈለግ። ከግሌንዉድ ስፕሪንግስ እስከ አስፐን ያለው ሸለቆ ከ2013 ጀምሮ ፈጣን አውቶቡስ ስላለው ርካሽ ቤት ባለበት አድሮ ውድ ከተማ ውስጥ መሥራት ያስችላል።

ወሊድና ጤና

ሦስተኛው ጥያቄ «ምጥ ቢመጣ ወዴት እንሄዳለን?» የሚለው ነው። በሕግ የተለየ ድጋፍ የሚያገኙት አነስተኛ የገጠር ሆስፒታሎች ከ25 የማይበልጡ አልጋዎች ያሏቸው ሲሆን፣ ብዙዎቹ የማዋለጃ ክፍል የላቸውም። ያላቸውም ሊዘጉት ይችላሉ። በሰሜን አይዳሆ በምትገኘው በሳንድፖይንት ከተማ የነበረው ሆስፒታል የማዋለድ አገልግሎቱን በ2023 አቁሟል። በጣም ቅርቡ ትልቅ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በበረዶ ቀን ይህ ርቀት ቀላል አይደለም። በዋዮሚንግ ትልቁ አውራ ጎዳና እንኳ በነፋስና በበረዶ ምክንያት በየጊዜው ይዘጋል።

ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ዴንቨር በ1,600 ሜትሯ ለእኛ ቆላ ናት ማለት ይቻላል። ሌድቪል ግን 3,100 ሜትር ገደማ ትሆናለች። በኮሎራዶ በተደረገ ጥናት ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚወለደው ሕፃን ክብደት በአማካይ 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። ነፍሰ ጡር እናት ያለችበት ቤተሰብ ይህን ከሐኪም ጋር ሳይመክር አይሂድ።

ልጆችና ትምህርት ቤት

በኮሎራዶ ከትምህርት ወረዳዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በተለይም የገጠሮቹ፣ በሳምንት የሚያስተምሩት አራት ቀን ብቻ ነው። እናት አምስት ቀን የምትሠራ ከሆነ በአምስተኛው ቀን ልጁን ማን ይይዘዋል? እንደ አገራችን ልጁን ጎረቤት ዘንድ ጣል አድርጎ መሄድ እዚያ የማይታሰብ ነው። ስለሆነም የሕፃናት መዋያ መኖሩንና ተራ መጠበቂያው ስንት ወር እንደሆነ ከመነሣት በፊት በስልክ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለሚስትስ ሥራ አለ?

ዋዮሚንግ በ1869 ሴቶች እንዲመርጡ በሕግ ፈቅዳ ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቀድማለች። ሞንታና በ1916 ጃኔት ራንኪንን በመምረጥ የመጀመሪያዋን ሴት ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ልካለች። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን ዋዮሚንግ በሴትና በወንድ ደመወዝ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለባቸው ግዛቶች አንዷ ሆና ቆይታለች። ዋናው ምክንያት ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፍሉት የማዕድንና የነዳጅ ሥራዎች በወንዶች የተያዙ መሆናቸው ነው። ባል ጥሩ ሥራ አገኘ ተብሎ ሚስት ነርስነቷን ወይም ሒሳብ ሠራተኛነቷን ትታ እቤት ብትቀመጥ የቤተሰቡ ገቢ አደገ ወይስ ቀነሰ? ዋዮሚንግ የደመወዝ ግብር፣ ሞንታና የሽያጭ ግብር የማያስከፍሉ መሆናቸው ቢጠቅምም የአንድ ሰው ደመወዝ ሲጎድል አይተካም።

ወገንና ማዕድ

በመጨረሻም የሰው ነገር አለ። በዴንቨር ቤተ ክርስቲያኑም፣ እንጀራ መሸጫውም፣ ለቅሶ ደራሹም አለ። ተራራው ውስጥ ግን ኀዘን ሲመጣ ቡና የሚያፈላ ጎረቤት ላይገኝ ይችላል። ጤፍ እንኳ ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ አይዳሆ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል። ሰው ግን እንደ ጤፍ በጆንያ አይላክም። ስለዚህ ወደ ወገን የሚወስደው መንገድ በክፉው ወራት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ይታወቅ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። የሁለቱን ደመወዝ፣ ኪራዩን፣ ቤንዚኑንና የልጅ መዋያውን በቁጥር ይጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ከተሞችን ጎን ለጎን ያወዳድሩ። ከተማዋንም የሚያዩዋት በሐምሌ አበባዋ ሳይሆን በጃንዋሪ በረዶዋ ይሁን። ከተቻለም አንዱ ቀድሞ ሄዶ ጥቂት ወራት ይሥራና ሌላው ልጆቹን ይዞ ይቆይ። በጃንዋሪ የተወደደች ከተማ በሐምሌ አትጠላም።