ዳግም ሲነሳ ምስል የማያሳይ ሚኒ ፒሲ፦ የብልሽቱ ምክንያቶችና የምርመራው ቅደም ተከተል በቆቦና በራያ ቆላ የመስክ ምርምር ዐይን

መግቢያ

በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው የራያ ቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች የታጠረ ቆላማ ሸለቆ ነው። የማሽላና የጤፍ እርሻው፣ ከደጋው የሚወርደው የሆርማትና የጎሊና ጎርፍ፣ እንዲሁም በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተስፋፋው የከርሰ ምድር ውኃ መስኖ አካባቢውን ለግብርና፣ ለውኃ ሀብትና ለአየር ንብረት ተመራማሪዎች ተፈላጊ የጥናት ሥፍራ አድርገውታል። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በቆቦ የሙከራ ጣቢያ አለው፤ ከቆቦ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ደግሞ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ለእንዲህ ዓይነቱ የመስክ ሥራ ሚኒ ፒሲ ምቹ መሣሪያ ነው። መጠኑ አነስተኛ፣ የኃይል ፍጆታው ዝቅተኛ በመሆኑና በትንሽ ዩፒኤስ ረዘም ላለ ጊዜ ሊሠራ ስለሚችል፣ ከአፈር እርጥበትና ከአየር ሁኔታ መለኪያዎች የሚመጣውን መረጃ ለመሰብሰብም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያገለግላል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ማሽኑ በመጀመሪያ ሲከፈት ምስል በትክክል ያሳያል፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን መብራቱ እንደበራ፣ ፋኑ እንደዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያየ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይወስናል። ወይ ማሽኑ ተቃጥሏል ብሎ ራቅ ወዳለ ከተማ ለጥገና ይልካል፤ ወይም ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። የመጀመሪያው ጊዜና ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው የአንድ ክረምት መረጃ ሊያጠፋ ይችላል። ያለፈ ክረምት ደግሞ ተመልሶ አይለካም። ጥቁር ስክሪን በራሱ የማሽን ሞት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም «ሲከፈት ይሠራል፣ ሪስታርት ሲደረግ አይሠራም» የሚለው ምልክት ብልሽቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ቁም ነገር በውስጡ ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ጥቆማ ማብራራትና ከእርሱ የሚነሣውን የምርመራ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

ሦስቱ የመነሻ ዓይነቶች

በተለምዶ «አጥፍቶ ማብራት» የሚባለው ተግባር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ሪስታርት ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ከሀ እንዲጀምር ትእዛዝ ይደርሰዋል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አይቋረጥም። ራሙ፣ የምስል መውጫ ወደቡና በወደቡ ላይ የተሰካው ኮንቨርተር ኃይል እንዳገኙ ይቆያሉ። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ ቀድሞ የተሳሳተ ሁኔታ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ሪስታርቱ ስሕተቱን ይዞት ይሻገራል።

ሁለተኛው መዝጋት ነው። ማሽኑ ሲዘጋ ዋናው ኃይል ይቆማል፤ ነገር ግን ቻርጀሩ እስካልተነቀለ ድረስ አነስተኛ የተጠባባቂ ኃይል በቦርዱ ላይ ይኖራል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ «ፈጣን መነሻ» የተባለ አሠራር አለው። ይህ አሠራር ሲበራ፣ ማሽኑ በሚዘጋበት ጊዜ የሲስተሙ እምብርትና የድራይቨሮች ሁኔታ በዲስክ ላይ ይቀመጥና በሚቀጥለው መክፈቻ እንዳለ ይመለሳል። ሪስታርት ሲደረግ ግን ይህ አሠራር አይሠራም፤ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ከሶፍትዌር አንጻር፣ ከሚታሰበው በተቃራኒ፣ ሪስታርት ከመዝጋት ይልቅ ንጹሕ ጅምር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ነው። በካፓሲተሮች ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ከተጠበቀ፣ ከባዮስ ቅንብርና ከሰዓቱ በስተቀር ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

የሦስቱ ልዩነት ጠቃሚ ፍርድ ለመስጠት ያስችላል። ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ጠቁሮ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ሲመለስ ምስል ከሰጠ፣ ጥርጣሬው ኃይል ሳይቋረጥባቸው ወደሚቆዩት ክፍሎች፣ ማለትም ወደ ምስል መውጫው፣ ወደ ኮንቨርተሩ፣ ወደ ሞኒተሩ፣ ወደ ራሙና ወደ ባዮሱ ያመራል። በአንጻሩ ሪስታርት ሲደረግ በትክክል ሠርቶ፣ ተዘግቶ ሲከፈት የሚጠቁር ከሆነ፣ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ፈጣን መነሻውና የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። በሁሉም መነሻዎች የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሪስታርት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ እንደ ተራ የሃርድዌር ብልሽት ይመረመራል።

የማሽኑና የሞኒተሩ ምልልስ

በኤችዲኤምአይ ኬብል ምስል የሚተላለፈው ከቅድመ ምልልስ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ በኬብሉ አንድ ሽቦ በኩል 5 ቮልት ይልካል፤ ሞኒተሩም በሌላ ሽቦ «ተገናኝቻለሁ» የሚል ምልክት ይመልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሞኒተሩን መግለጫ ያነባል። ኢዲአይዲ የተባለው ይህ መግለጫ መሠረታዊ መጠኑ 128 ባይት ሲሆን፣ ሞኒተሩ የሚቀበላቸውን የምስል መጠኖች ይዘረዝራል። ማሽኑ በሚነሳበት በዚያች አጭር ጊዜ መልስ ካልመጣ ወይም የመጣው መልስ ከተዛባ፣ ባዮሱ ሞኒተር እንደሌለ ሊቆጥር ይችላል። ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚያሳየው ግን የለም።

ይህ ምልልስ በሪስታርት ጊዜ የሚደናቀፍባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ምስል ሲቋረጥ ሞኒተሩ ወደ እንቅልፍ ይገባና ነቅቶ እስኪመልስ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ፈጣን ባዮስ ግን አይጠብቀውም። ሁለተኛ፣ ከአንድ በላይ መግቢያ ያለው ሞኒተር ምስል ሲቋረጥበት ሌሎች መግቢያዎችን መፈለግ ይጀምርና በዚያው ይቀራል። ሦስተኛ፣ ማሽኑ ከአንድ በላይ የምስል መውጫ ሲኖረው ባዮሱ ምስሉን ባልተሰካበት መውጫ ሊልከው ይችላል።

አራተኛው ምክንያት አሮጌ ሞኒተሮች ገና በአገልግሎት ላይ ባሉባቸው ቢሮዎች ልዩ ትኩረት ይሻል። ይኸውም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው ትንሽ ኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተሩ ተራ ሽቦ ሳይሆን ዲጂታሉን ምስል ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ የያዘ መሣሪያ ነው፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከዚያው ከ5 ቮልቱ ሽቦ ነው። ቺፑ ከተሰናከለ፣ ሪስታርት ኃይሉን ስለማያቋርጥበት እንደተሰናከለ ይቆያል። ማሽኑን ሳይነኩ ኮንቨርተሩን ብቻ ነቅሎ መልሶ መሰካት ምስሉን ካመጣ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቋል።

የቆላው ኃይልና ሙቀት

በቤተ ሙከራ ውስጥ ሪስታርት የሚሆነው ተጠቃሚው ሲያዝ ነው። በመስክ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ያለ ማለስለሻ በቀጥታ የሚነሳ የውኃ ፓምፕ ሞተር በመደበኛ ሥራው ከሚወስደው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ለአጭር ጊዜ ሊስብ ይችላል። ኮምፒውተሩ ከፓምፕ ጋር አንድ መስመር በሚጋራበት ቦታ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ኃይል ለቅጽበት ይወርዳል። እንዲህ ያለው መውረድ ከሙሉ መቋረጥ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ቺፖች ዳግም ሲጀምሩ ሌሎቹ በነበሩበት ይቆያሉ። ማሽኑ ተዘግቶ አልተከፈተም፤ በሥርዓት ሪስታርትም አልሆነም። ከዚህ ሁኔታ የሚያወጣው ቻርጀሩን መንቀል ብቻ ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በቻርጀር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ዕድሜ፣ በተለመደው የምህንድስና ስሌት መሠረት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያረጀ ቻርጀር ማሽኑን በሥራ ላይ ሊያቆየው ቢችልም፣ በመነሻ ጊዜ ድንገት የሚጨምረውን የኃይል ፍላጎት ላይሸከም ይችላል። ከእርሻው የሚነሳው አቧራም የፋኑን መተላለፊያና የራሙን መገናኛ ይደፍናል።

ረዥም የኃይል መቋረጥ ሌላ ችግር ያመጣል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ አካባቢው በደረሰበት ወቅት፣ በሰሜን ወሎ ኤሌክትሪክና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር። ያለ ኃይል ለወራት የተቀመጠ ማሽን የባዮስ ባትሪው ሊደክም ይችላል። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የተባለው ይህ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቅንብሩና ሰዓቱ ይጠፋሉ። ቅንብሩን ያጣ ማሽን ራሙን እንደ አዲስ ስለሚፈትሽ ስክሪኑ ከአንድ ደቂቃ በላይ፣ በዲዲአር5 ራም ደግሞ ለበርካታ ደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ያልታገሠ ሰው በመካከሉ ቢያጠፋው ፍተሻው እንደገና ይጀምራል። ሰዓቱ ሲጠፋ ደግሞ የሚሰበሰበው መረጃ የተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ ለተመራማሪው ከጥቁሩ ስክሪን የከፋው ይህ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማሽኑ ሞቷል ወይስ ማሳየት ብቻ ነው ያቃተው?» የሚል ነው። መልሱ ምንም ሳይነቀል ሊገኝ ይችላል። ማሽኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ተሰጥቶት፣ የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫን የኪቦርዱ መብራት ይበራና ይጠፋ እንደሆነ ይታያል። በኔትወርክ ከተያያዘ ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ይፈለጋል። ማብሪያ ማጥፊያው ለአጭር ጊዜ አንዴ ሲጫን ማሽኑ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ከጠፋ፣ ሲስተሙ ትእዛዝ ተቀብሎ በሥርዓት ተዘግቷል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ መልስ ከሰጠ ማሽኑ ሕያው ነው፤ ዲስኩን መንካት አያስፈልግም።

ሕያው ከሆነ ምርመራው ከሞኒተሩ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የሞኒተሩ መግቢያ በእጅ ይመረጣል፤ ኬብሉ ተነቅሎ ይሰካል፤ ኮንቨርተሩ ይወጣና የሚቻል ከሆነ ያለ እርሱ በቀጥታ ይሞከራል፤ ከዚያ ሌላ መውጫና ሌላ ኬብል ይሞከራሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበረ አይታወቅም። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ ያስነሳል።

ምስሉ የሚጠፋበት ቅጽበትም ይናገራል። የአምራቹ ምልክት ታይቶ ሲስተሙ ሲጫን የሚጠቁር ከሆነ ጉዳዩ የድራይቨር ወይም የምስል መጠን ነው፤ በሴፍ ሞድ ገብቶ ድራይቨሩን መቀየር ይገባል። ምልክቱ ሳይታይ ቆይቶ ሲስተሙ ከተጫነ በኋላ ምስል የሚመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ የባዮስ ነው፤ በባዮስ ቅንብር ውስጥ ፈጣን ማስነሻውን ማጥፋትና የባዮስ ማሻሻያ መፈለግ ይረዳል። የኢንቴል ኑክ ተጠቃሚዎች ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን እንዳቆመና ድጋፉ ወደ አሱስ እንደተላለፈ ማወቅ ይኖርባቸዋል። ባዮስ በሚሻሻልበት መካከል መብራት ከሄደ ማሽኑ ከእነአካቴው ላይነሳ ስለሚችል፣ ይህ ሥራ ያለ ዩፒኤስ መሞከር የለበትም።

ከፈተናዎቹ ለአንዱም መልስ የማይሰጥ ማሽን ሁሉም ኬብሎች ተነቅለውለት ማብሪያ ማጥፊያው ለ30 ሰከንድ ይጫናል፤ ከዚያም ቻርጀርና ሞኒተር ብቻ ተሰክተውለት ይነሳል። ካልተነሳ ራሙ ወጥቶ፣ መገናኛው ተጠርጎ፣ በየተራ አንድ አንድ እየተደረገ ይሞከራል። ቀጥሎ የባዮስ ባትሪው፣ በመጨረሻም ተመሳሳይ ቮልቴጅና በቂ ዋት ያለው ሌላ ቻርጀር ይሞከራሉ። ጥገና ቤት የሚያስፈልገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መረጃን ማስቀደም

መረጃ እየሰበሰበ ያለ ማሽን ስክሪኑ ስለጠቆረ ብቻ መሰብሰቡን አያቆምም። በጽሑፍ ላይ እያለ ቻርጀሩን መንቀል ግን ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። በመሆኑም መንቀል ከማሳሰቡ በፊት ማሽኑ በኔትወርክ እንዲዘጋ ወይም በማብሪያ ማጥፊያው አጭር ንክኪ እንዲወርድ መሞከር ይገባል። ለጥገና መላክ ግድ ከሆነ ኤስኤስዲው ቀድሞ ወጥቶ፣ በዩኤስቢ መያዣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተገናኝቶ ይገለበጣል። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተመሰጠረ የመክፈቻ ቁልፉ አስቀድሞ በሌላ ቦታ መቀመጥ ነበረበት።

ያለ ሞኒተር ለሚቆም መሰብሰቢያ ማሽን፣ የሞኒተር መግለጫ የያዘ አነስተኛ መሰኪያ በኤችዲኤምአይ ወደቡ ላይ ማድረግና የርቀት መግቢያ ከመስክ በፊት ማዘጋጀት ይጠቅማል። የሰዓቱን ትክክለኛነት በየጉብኝቱ መመዝገብም እንዲሁ።

ማጠቃለያ

ሪስታርት ሲደረግ ብቻ የሚከሰት ጥቁር ስክሪን በአመዛኙ የሚጠቁመው ኃይል ሳይቋረጥበት የቆየን ክፍል ወይም በማሽኑና በሞኒተሩ መካከል ያልተጠናቀቀን ምልልስ ነው። ዲስኩ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ለዚህ ምልክት መድኃኒት ሊሆን የሚችልበት ምክንያት እጅግ ጠባብ ሲሆን፣ የሚያስከትለው ጥፋት ግን የተረጋገጠ ነው። ጥገና ቤት ሩቅ፣ ኃይል ተቆራራጭ በሆነበት የራያ ቆላ፣ በቅድሚያ ማሽኑ ሕያው መሆኑን መጠየቅ፣ ቀጥሎ መረጃውን ማትረፍ፣ ከዚያ ብቻ መንቀልና መፍታት የጥናቱ ሥነ ዘዴ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።