የአየር ማጣሪያ ለቤት፦ በስቶክሆልም ከማሽኑ በፊት ምን መታየት አለበት?

በረዶው ቀልጦ መንገዱ በሚደርቅበት በመጋቢት ወር የስቶክሆልም አየር አቧራ ይበዛበታል። መነሻው ፋብሪካ አይደለም። በበረዶ ላይ እንዳያንሸራትቱ ተብለው የብረት ጥርስ የተተከለባቸው ጎማዎች የብርዱን ወራት ሙሉ አስፋልቱን ሲፍቁ ይከርማሉ። የተፋቀው ዱቄት መንገዱ እርጥብ ሳለ ተጣብቆ ይቆያል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከመኪኖች ሥር ይነሳል። ከተማዋ በሶደርማልም በሚገኘው የሆርንስጋታን ጎዳና ላይ እነዚህን ጎማዎች ከ2010 (እ.አ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ የከለከለችው በዚሁ ሳቢያ ነው። አቧራው ገና ሳይረግብ የበርች ዛፍ የአበባ ብናኝ ይከተላል።

በዚህ ወቅት አስም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ የአየር ማጣሪያ ፍለጋ ወደ መደብር ቢያመራ አያስገርምም። ምርጫው ሰፊ ነው። ከታወቁት አምራቾች አንዱ የሆነው ብሉኤር በ1996 የተቋቋመው እዚሁ ስቶክሆልም ውስጥ ነው፤ በ2016 ዩኒሊቨር ገዝቶታል። ይሁንና ከማሽኑ ስም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከቤቱ አየር ውስጥ እንዲወገድ የተፈለገው ነገር ምንድን ነው?

የበርች ብናኝ ስፋቱ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ለዓይን ባይታይም ለአየር ግን ከባድ ነው፤ ፈጥኖ ወለሉና ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እርጥብ መወልወያ የማሽኑን ያህል ሥራ ይሠራል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የሚወጣው ጭስ ግን በአብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ ለሰዓታት ሲንሳፈፍ ቆይቶ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል። መስማቱ ደስ ባያሰኝም፣ በብዙ ሐበሾች ቤት ማጣሪያው ከጎዳናው አቧራ ይልቅ የሚታገለው ከረከቦቱ አጠገብ ከሚነሳው ጭስ ጋር ነው።

ደቃቅ ብናኝን ለመያዝ የሚታመነው ሄፓ የተሰኘው ማጣሪያ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኤች13 የሚል ምልክት ያለው፣ ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ከሆነው መጠን እንኳ 99.95 በመቶውን ያስቀራል። ሆኖም ይህ ቁጥር የሚናገረው በማጣሪያው ውስጥ ስላለፈው አየር ብቻ ነው። በሰዓት ምን ያህል አየር ያልፋል የሚለውን የሚመልሰው ሲኤዲአር የተባለው መለኪያ ነው፤ በሰዓት የሚወጣውን ንጹሕ አየር በሜትር ኩብ ያሳያል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 20 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው መኝታ ቤት 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ 250 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 60 ካሬ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ሲታይ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ተብሎ እንደተሰላ መጠየቅ ይገባል፤ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የሚጻፈው መጠን ብዙውን ጊዜ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ያለው ነው፤ በዚያ ድምፅ ደግሞ ልጅ አይተኛም። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ አቅም ያለውን ገዝቶ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሠራቱ ይሻላል። 30 ዋት የሚወስድ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ የሚፈጀው 263 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ኪስ የሚጎዳው ይልቁንም የመለዋወጫው ማጣሪያ ዋጋ ስለሆነ፣ ሳይገዙ በፊት እሱን መጠየቅ ብልህነት ነው። ኦዞን የሚያመነጩ «አየር አዳሾች» ሳንባን ስለሚያስቆጡ ሊወገዱ ይገባል።

ሄፓ ሽታና ጋዝ አይዝም። ለሽታ በቂ መጠን ያለው የካርቦን ማጣሪያ ይረዳል። ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሁለቱም አያስቀሩትም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮቶቹ በጥብቅ በሚዘጉበት አፓርታማ ውስጥ ሰው ይገድላል። ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያም አያውቀውም፤ ለእሱ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። በከሰል ፋንታ የኤሌክትሪክ ማጨሻ መጠቀም ይህን አደጋ ያስቀራል፤ የዕጣኑ ጭስ ግን ያው ጭስ ነው።

ከሁሉ በፊት ሊፈተሽ የሚገባው የቤቱ የራሱ አየር ማናፈሻ ነው። ቴንስታን፣ ሪንከቢንና ሁስቢን በመሳሰሉ፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ በተገነቡ ሰፈሮች፣ በብዙ ሕንጻዎች ማራገቢያ ከወጥ ቤቱና ከመታጠቢያ ቤቱ አየር ይስባል፤ ተተኪው አየር በመስኮት ላይ ወይም ከማሞቂያው ጀርባ ባሉ ቀዳዳዎች ይገባል። ብርድ ገባብን ብለው ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወይም በፕላስተር የሚደፍኑ ጥቂት አይደሉም። ያኔ ጭሱና እርጥበቱ እቤት ይቀራል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየር ከደረጃው መተላለፊያና ከስንጥቆች መሳብ ይጀምራል። የስዊድን የግንባታ ደንብ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰከንድ 0.35 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይጠይቃል፤ ይህም የቤቱ አየር በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ይቀየራል ማለት ነው። በብዙዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ትንሽ ማጣሪያ መግጠም ስለሚቻል፣ ከመድፈን ይልቅ አከራዩን ይህን መጠየቅ ይበጃል።

አከራዩ ግዴታም አለበት። ኦቪኮ የተባለው የአየር ማናፈሻ ፍተሻ በአፓርታማ ሕንጻዎች እንደ ሥርዓቱ ዓይነት በየሦስት ወይም በየስድስት ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምስክር ወረቀቱም በመግቢያው ላይ መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ ከሌለ ወይም ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ አከራዩን፣ መልስ ከጠፋ ደግሞ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማነጋገር ይቻላል።

ማሽኑ የግድ ከሆነ ቦታው ልጁ የሚተኛበት ክፍል ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ። ቡናው በሚቆላበት ጊዜ ግን መስኮት መክፈትና ምጣዱን ከምድጃው ጭስ መሳቢያ ሥር ማድረግ ከየትኛውም ማጣሪያ ይፈጥናል።