የተቆጠረልኝ 14 ዓመት ነው

60 ዓመቴን ደፍኜ፣ የጡረታ ወረቀቴን ይዤ ሳሪስ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለችና ወረቀቱን ትታ እጄንና እግሬን አየች። የከባድ መኪና ሾፌር ሚስት ናት፤ መጀመሪያ የምትቆጥረው አካል ነው።

«ስንት ወጣልህ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ሂሳቡን ላስረዳ። መሪ የጨበጥኩት በ1984 ዓ.ም ነው፤ 33 ዓመት። ለጡረታ የተያዘልኝ ግን 14 ብቻ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ2003 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁበት ቦታ ፕሮቪደንት ፈንድ ስላልነበረው ያን ዘመን ውኃ በላው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ቢበዛ 70 በመቶ። የኔ 35 በመቶ መጣ። የሚሰላው ደግሞ ከደመወዝ እንጂ ከአበል አይደለም። ሾፌር የሚኖረው በምን ሆነና! ወጣቶች፣ አበሉ ዳጎስ ስላለ ብቻ በትንሽ ደመወዝ አትፈርሙ። እኔ ፈርሜአለሁ።

ግን እያማረርኩ አይደለም።

መጀመሪያ የያዝኩት የአሰብን መስመር ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ ከባድ ማርሽ አስገብተህ በሞተር እየያዝክ ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ሞርቶ የለቀቀ ሰው ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ጓደኛዬን ከዚያ ገደል ስናወጣ ረዳቴ ታኮውን እንዳቀፈ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞርቶ ለቅቄ አላውቅም። ቀርፋፋ ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኝ።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። እዚያ የሚበላህ ገደል አይደለም፤ ሜዳው፣ ሙቀቱና እንቅልፉ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል ዓይንህ ክፍት ሆኖ ትተኛለህ። ሌሊት ግመል አስፋልት ላይ ከቆመ ደግሞ የምታየው ከደረስክበት በኋላ ነው። ባለፉት ዓመታት ጥይቱና እገታው ሲጨመርበት፣ የምወጣበትን ሰዓት ለልጆቼ መናገር ተውኩ።

የሰፈራችን አካባቢ የሚጠራበት ነፋስ ስልክ ማለት በዱሮ አማርኛ ያለ ሽቦ የሚያወራው፣ ሬዲዮው ማለት ነው። ባለቤቴ በዚህ ስም በተጠራ አካባቢ እየኖረች፣ ሞባይል ሳይመጣ በፊት፣ 10 ቀን ሙሉ ድምፄን ሳትሰማ ትከርም ነበር። አፋር ላይ መኪና ተገለበጠ የሚል ወሬ ሳሪስ ጋራዦቹ ጋ ከደረሰ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ስሜን አትጠራም። ታርጋዬን ነው የምትጠይቀው፤ የዋናውንም የተሳቢውንም በቃሏ ይዛዋለች። «እሱ አይደለም» ሲሏት ለአቦ ጧፍ ገዝታ ትመለሳለች። መኪናው የተገለበጠበት ሰው ሚስትም እዚሁ ሰፈር ልትሆን እንደምትችል ስለምታውቅ ግን እልል አትልም።

ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ የዱሮ መውጫዬ ነው። አንድ ተሳቢ ወደ ቃሊቲ ሲወርድ በሞተር ፍሬን እያጓራ አለፈ። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«የማን ነው?» አለችኝ።