ወደ መተማ የምትሄደው ካሜራ ምን ዓይነት ትሁን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ዕረፍት የጀመዓችን ካሜራ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄዳ ስትመለስ ሌንሷ ግማሽ ወጥቶ አልገባም አለ። ጥገና ቤት ስትከፈት ውስጧ የቆላው ደቃቅ አቧራ ሞልቷል። ካሜራዋ በሁላችንም መዋጮ የተገዛች ስለሆነች፣ በሁለተኛዋ እንዳንሳሳት የተማርነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር የምትዋሰነው መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። የብዙ ትናንሽ ካሜራዎች መመሪያ ደግሞ የሚሠሩት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ ካሜራን ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ አይገባም።

አንደኛው መመዘኛ ሌንሱ ነው። ሲበራ እንደ ቱቦ የሚወጣ ሌንስ ተመልሶ ሲገባ አቧራ ይዞ ይገባል። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ስለማይፈታ፣ አቧራው ምስል የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ካረፈ በየፎቶው ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ እኛም ልናጸዳው አንችልም። እንደ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ያሉት ግን ሌንሳቸው ወደ ውጭ አይወጣም፤ አቧራና ውሃም አያስገቡም።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው። ሻጭ ስለ ሜጋፒክስል ብዛት ያወራል፤ እኛ ግን የሴንሰሩን ስፋት እንጠይቅ። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። «1/2.3 ኢንች» የሚባለው ደግሞ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው አራት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ከመግሪብ በኋላ የሚነሣ ፎቶ ይጠራበታል። እንደ ሶኒ አርኤክስ100 ያሉት ባለ 1 ኢንች ናቸው፤ ሌንሳቸው ግን ወጪ ገቢ ነው። ቲጂ-6 ትንሹን ሴንሰር ይዟል።

ሦስተኛው ዙሙ ነው። ሩቁን በሌንስ የሚያቀርበው ኦፕቲካል ዙም ነው። ዲጂታል ዙም ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት አያልፍም፤ ስለዚህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያታልለን።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለካምፓስ ፕሮግራምና ለማታ ዝግጅት ትልቁ ሴንሰር ይመረጣል። ለሰሊጥ ማሳና ለአቧራማ መንገድ ግን የምሽቱን ጥራት በከፊል ትተን አቧራ የማታስገባዋን እንመርጣለን። የተበላሸ ካሜራ በቀንም አያነሣምና። ወጪ ገቢ ሌንስ ያለው ካሜራ ያላችሁ ደግሞ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ያዙት፤ ነፋስ ሲነሣ አታብሩት፤ ትርፍ ባትሪም አትርሱ።

በመጨረሻም፣ ካሜራዋ አማና እንደሆነች ሁሉ የሰው ፊትም አማና ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። የተቸገረን ሰው ሳናስፈቅድ አናንሣ፤ እሺ ካላለ ካሜራውን እናውርድ። ኬላ ስንደርስም ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ።

መልካም ጉዞ! ወሰላሙ ዐለይኩም።